«ነገ ሥራ ግቡ»

በፖላንዷ የወደብ ከተማ ግዲኒያ፣ ስቶችኒያ ባቡር ጣቢያ ስወርድ ከንጋቱ 12 ሰዓት ሊሞላ ትንሽ ቀርቶት ነበር። «ስቶችኒያ» በፖላንድኛ መርከብ መሥሪያ ማለት ነው። ኖቬምበር መጀመሪያ ነው፤ ገና ጨለማ። ከባልቲክ ባሕር የሚነሣው ብርድ እርጥብ ስለሆነ ጃኬት አይመልሰውም። ያሳደረኝ ወዳጄ «አንተ ሰውዬ፣ ጤና የለህም እንዴ?» ብሎኝ ተመልሶ ተኛ። እሱ እዚህ የባሕር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ በየቀኑ እዚሁ ጣቢያ ነው የሚወርደው። እኔ ግን ቦታውን በዚህ ሰዓት ማየት ፈልጌ ነበር።

(ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው። እያቀያየርኩ ራሴንም እናንተንም አላደክምም።)

ከእኔ ጋር የወረዱት ስድስት ሰባት ቢሆኑ ነው። አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው ወደየሥራቸው ሄዱ። እኔ እዚያው ቆሜ ቀረሁ።

በዲሴምበር 1970 የፖላንድ መንግሥት የሥጋ፣ የዱቄትና የሌላም ምግብ ዋጋ ጨመረ። ገና ሊደርስ ሁለት ሳምንት እንኳ አልቀረውም። አገሩን የሚመራው የኮሙኒስት ፓርቲው መሪ ጎሙልካ ነበር፤ በ1956 «አሁንስ ሰው አገኘን» ተብሎ በሆታ የተቀበሉት ሰው። ከምግቡ ጭማሪ ጋር የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ዋጋ ቀንሷል። ፍሪጁን በርካሽ ትገዛለህ፣ ውስጡ የምታስቀምጠው የለህም። ይህን ያሰበው ባለሥልጣን ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር።

የጎረቤት ከተማ የግዳንስክ መርከብ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ወጡ፤ ግዲኒያም ተከተለች። ዲሴምበር 16 ማታ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኮቾዌክ በቴሌቪዥን ቀርቦ ሠራተኞቹ ወደ ሥራቸው እንዲመለሱ ጠየቀ። ያንኑ ሌሊት ሠራዊቱ የመርከብ መሥሪያውን መንገድ ዘጋ። ጥሪውን የሰማ ሁሉ ግን ይህን አያውቅም። ጠዋት ምሳውን ይዞ ባቡር ተሳፈረ።

እዚህ ነው የወረዱት። ፊት ለፊታቸው ታንክና ወታደር ነው። ከኋላቸው ሌላ ባቡር ይመጣል፣ ሰው ያራግፋል፤ ደግሞ ሌላ። የፊተኞቹ ልመለስ ቢሉ የኋለኞቹ ይገፏቸዋል። ከዚያ ተተኮሰ። ያን ቀን ግዲኒያ ውስጥ 18 ሰው ሞተ። በጠቅላላው በባሕሩ ዳርቻ ከተሞች የሞቱት 45 ናቸው። አስከሬኖቹን በሌሊት ነው የቀበሯቸው፤ አልቅሶ የሚሸኛቸው ሕዝብ እንዳይሰበሰብ።

ይህን ታሪክ ድሮም አንብቤዋለሁ። ግን ጣቢያው ላይ ቆሜ፣ ባቡሩ ሲመጣና በሩ ሲከፈት እያየሁ ነው በደንብ የገባኝ። እነዚህ ሰዎች የሞቱት አድማ ላይ ሆነው አይደለም። የታዘዙትን ሲያደርጉ ነው።

ከጣቢያው አጠገብ ሐውልታቸው አለ። ሥሩ ፖላንዶች ሙታናቸውን የሚያስቡባቸው ፋኖሶች ተደርድረዋል፤ ቀይ መስታወት፣ ውስጡ ሻማ። የቅዱሳን ሁሉ በዓል ኖቬምበር 1 ስለሆነ ገና አልተነሡም። አብዛኞቹ ጠፍተዋል። አንዱ ብቻ ይነዳል፤ ክዳኑ በሙቀቱ ጠቁሯል፣ ሰሙ አልቆ ነበልባሉ ከታች ይንፈራገጣል።

ወደ ግዳንስክ የሚሄደው ያው ሰማያዊና ቢጫ ባቡር ነው። በመሐል ሶፖት አለች፤ ሰው ሁሉ የሚያደንቃት መዝናኛ ከተማ። አልወረድኩም።

ከ1970 በኋላ ጎሙልካ ወረደ፣ ጊየሬክ ተተካ። በጃንዋሪ 1971 ይህ ሰውዬ ራሱ ግዳንስክ ድረስ መጥቶ ከሠራተኞቹ ጋር ተቀመጠ። የድሮ የማዕድን ሠራተኛ ነው፣ አነጋገሩ ያምራል። «ታግዙናላችሁ?» ብሎ ጠየቃቸው፤ «እናግዛለን» አሉት ተብሎ አገር ሙሉ ተነገረ። የዋጋ ጭማሪው ግን ወዲያው አልተነሣም። የተነሣው ዉጅ የምትባለው ከተማ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች፣ አብዛኞቹ ሴቶች፣ በፌብሩዋሪ ሥራ ካቆሙ በኋላ ነው። የቀረው ተስፋ ላም አለኝ በሰማይ ሆነ። በ1976 ዋጋ እንደገና ተጨመረ፤ ሕዝብ ሲነሣ ያንኑ ዕለት ማታ ተሰረዘ። የተያዙትን ግን ፖሊስ ግራና ቀኝ ተሰልፎ በመሐል እያሳለፈ በቆመጥ ደበደባቸው። ለዚያም ስም አወጡለት፤ «የጤና መንገድ»።

ግዳንስክ ያለው ሙዚየም፣ የአውሮፓ ሶሊዳሪቲ ማዕከል፣ በ2014 የተከፈተ ነው። ከውጭ ዝገት በለበሰ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ ገና ያላለቀ መርከብ ይመስላል። ከውስጥ ጣሪያው ላይ ቢጫ የሠራተኛ ቆቦች ተደርድረዋል። እኔ ግን የመጣሁት ለሁለት ኮምፔንሳቶ ነው።

አዎ፣ ኮምፔንሳቶ። የቁም ሣጥን ጀርባ የሚመታበት ዓይነት። በኦገስት 1980 የግዳንስክ መርከብ መሥሪያ አድማ 21 ጥያቄዎች በእጅ ተጽፈውበት በሩ ላይ ተሰቀለ። ዛሬ የዩኔስኮ የዓለም ትውስታ መዝገብ ውስጥ ገብቷል። ፖላንድኛ አላነብም፤ ትርጉሙን በስልኬ ከፍቼ ቁጥር በቁጥር እያመሳከርኩ ቆምኩ። አንደኛው ከፓርቲው ነጻ የሆነ የሠራተኛ ማኅበር ይላል። ሁለተኛው የሥራ ማቆም መብት። እነዚህን ሁሉም ይጠቅሳቸዋል። እኔን የያዘኝ ወደታች ያለው ነው። የሥጋ ካርድ። የመዋዕለ ሕፃናት ቦታ። የሦስት ዓመት የወሊድ ፈቃድ። ቅዳሜን ማረፍ። አራተኛው ደግሞ ዐሥር ዓመት ወደኋላ ይሄዳል፤ በ1970 እና በ1976 የተባረሩት ወደ ሥራ ይመለሱ ይላል።

አድማው ራሱ የተነሣው በአንዲት ሴት ነው። አና ቫለንቲኖቪች የክሬን ሠራተኛ ነበረች። ጡረታ ልትወጣ አምስት ወር ሲቀራት አባረሯት። ኦገስት 14 ሥራ ቆመ። ከመጀመሪያዎቹ ጥያቄዎች አንዱ በ1970 ለሞቱት ሐውልት ይቁም የሚል ነበር። ደግሞም ከበሩ ማንም አይወጣም። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» ይባላል፤ እነዚህ ግን ልጥ አልነበረም የሚያዩት፣ ያንኑ እባብ ነው። አደባባይ መውጣት፣ ባቡር ላይ መሰብሰብ የለም። መንግሥት ከፈለገ ራሱ ይምጣ።

ግን ለጥቂት ነው የተረፈው። ኦገስት 16 የመርከብ መሥሪያው ኃላፊ በ1,500 ዝሎቲ የደመወዝ ጭማሪ ተስማማ። የአድማው መሪ ሌክ ዋሌሳም አድማው አብቅቷል አለ። ሰው ወደ ቤቱ መሄድ ጀመረ። በእነሱ የተነሣ ሥራ ያቆሙት ሌሎቹ መሥሪያ ቤቶች ባዶ እጃቸውን ሊቀሩ ነው። ይህን ያስቆሙት ሴቶች ናቸው፤ ቫለንቲኖቪች፣ ነርሷ አሊና ፒየንኮቭስካ፣ ትራሟን አቁማ የመጣችው ሄንሪካ ክሺቮኖስ። በር ላይ ቆመው ለመኑ፣ ጮኹ። ብዙው ሄደ፤ የቀረው በቃ። ዋሌሳም ሐሳቡን ለወጠ። ሐውልትና ኖቤል ላይ የሚቀረው ስም የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

ከዚያ በኋላ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር ያግየልስኪ በእርግጥም መጣ። ድርድሩ በግቢው ድምፅ ማጉያ በቀጥታ ይሰማ ነበር። «እናግዛለን ብላችኋል» የሚባልበት መንገድ ተዘጋ ማለት ነው። ኦገስት 31 ተፈረመ። ዋሌሳ የሮማው ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ሥዕል ባለበት፣ ዱላ በሚያህል እስክሪብቶ ነው የፈረመው። ከዚያ የተወለደው ነጻ የሠራተኛ ማኅበር፣ ሶሊዳሪቲ፣ ወደ 10 ሚሊዮን አባል አገኘ።

ወረቀቱም ብዙ አልቆየ። በጃንዋሪ 1981 የቅዳሜዋ ዕረፍት እንኳ ክርክር ሆነች። ዲሴምበር 13፣ 1981 እሑድ ሌሊት ስልክ ተቆረጠ፣ የጦር ሕግ ታወጀ። አዋጁን ያወጀው ጄኔራል ያሩዜልስኪ በ1970 የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው ያው ሰው ነው።

ከሙዚየሙ ወጥቼ ሁለተኛው በር ጋ ሄድኩ። አጠገቡ ሦስት መስቀሎች አሉ፣ 42 ሜትር ከፍታ፣ በየመስቀሉ ላይ መልሕቅ ተሰቅሏል። ቀና ብዬ ሳይ ቆቤ ወደቀ። ብረቱን የሠሩት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። ዲሴምበር 16፣ 1970 እዚህ በር ላይ ተተኮሰ። ዲሴምበር 16፣ 1980 ሐውልቱ ተመረቀ። ዲሴምበር 16፣ 1981 ታንክ በሩን ደርምሶ ገባ። ማኅበሩ ታገደ፤ መስቀሎቹን ግን የደፈረ አልነበረም። ከተስማሙት ሁሉ ሳይታጠፍ የቀረው እሱ ይመስለኛል፤ 42 ሜትር ብረት መካድ ከባድ ነው።

መርከብ መሥሪያው ራሱ ነጻነት ከመጣ በኋላ በ1996 ከስሯል። ግቢው ውስጥ ጥቂት ክሬኖች ይታያሉ፤ ሌላው ባዶ ሜዳ ነው። ያን ሁሉ ያደረጉት ሠራተኞች ሥራቸውን ያጡት በመረጡት መንግሥት ዘመን ነው። ይህን ሳልጽፍ ባልፍ ጥሩ አይሆንም።

ማታ ለወዳጄ ስነግረው ዝም ብሎ ሰማኝ። «እኔ እኮ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ነው የምወርደው» አለ። በማግሥቱ ጠዋት ተኝቼ ሳለ መልእክት ላከልኝ።

«ያልከኝን ፋኖስ አየሁት። ጠፍቷል። ላይተር የለኝም።»