ክሩ ለምንድነው?

ዛሬ አንዲት የካንሰር ቀዶ ሐኪም አግኝቼ «ስልጠናዎን መሃል ላይ አቁመው ለምርምር ላብራቶሪ መግባትዎ አልቆጨዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው። መልሳቸው ስለ ክር ሆነ።

ዕጢውን ከጡት ሲያወጡ ሁለት ክር ያስሩበታል። አጭሩ የላይኛውን ጫፍ፣ ረጅሙ የውጭውን ጎን ያሳያል። የወጣውን ዕጢ በማይክሮስኮፕ የሚመረምረው ሐኪም (ፓቶሎጂስቱ) ጠርዙ ላይ የካንሰር ሴል ካገኘ፣ በየት በኩል እንደቀረ የሚታወቀው በዚያ ክር ነው። «ድሮ የማስረው ስለታዘዝኩ ነበር» አሉኝ። «ራሴ በማይክሮስኮፕ ካየሁት በኋላ ግን አቆራረጤ ሁሉ ተቀየረ።»

ይህቺ ነገር ቀኑን ሙሉ ከአእምሮዬ አልወጣችም። ከሕክምና ትምህርት በኋላ ጠቅላላ ቀዶ ሕክምና፣ ከዚያ የካንሰር ቀዶ ሕክምና፣ በዚህ ላይ ምርምር ሲጨመር ዕድሜ ነው የሚበላው። ግን እኮ ለአስርት ዓመታት የጡት ካንሰር ሲገኝ ደንቡ ጡቱን ከነደረት ጡንቻው ማንሳት ነበር! ይሄ ሁሉ መቁረጥ ያስፈልጋል ወይ ብሎ በጥናት የሞገተው በርናርድ ፊሸር ራሱ ቀዶ ሐኪምም ተመራማሪም ነበር። እሱና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡት ጥናት፣ ዕጢው ከ4 ሴንቲሜትር ካልበለጠ እሱን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት፣ ጡቱን ሙሉ ከማንሳት እኩል በሕይወት እንደሚያቆይ አሳየ። ሴቶቹን 20 ዓመት ተከታትለውም ውጤቱ አልተቀየረም።