«ማረን» እና «ለምኚልን»

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለፍልሰታ ለማርያም በሰላም አደረሳችሁ! አስራ አምስቱን ቀን የጾማችሁ፣ ጾም ጸሎታችሁን ይቀበልላችሁ።

ባለፈው ሳምንት አንድ የልብ ጓደኛዬ እኛ ቤት መጥቶ ነበር። ፕሮቴስታንት ነው። ግድግዳው ላይ ያለውን የእመቤታችንን ሥዕል አየና «እውነቱን ንገረኝ፣ እናንተ ካቶሊኮች ታመልኳታላችሁ አይደል?» አለኝ። በክፋት አልነበረም፤ ከልቡ ማወቅ ፈልጎ ነው። ቡናው ቀረበና ወሬው ተቋረጠ። ጥያቄው ግን ከውስጤ አልወጣም። ስለዚህ የዘንድሮው መልእክቴ ለእሱም ለእናንተም ይሁን።

አናመልካትም። እናከብራታለን፣ እንወዳታለን። አምልኮ ለእግዚአብሔር ብቻ ነው። ይህን ከካህናት ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ፤ የገባኝ ግን በአያቴ ነው።

አያቴ ማታ ማታ መቁጠሪያዋን ይዛ መደቡ ላይ ትቀመጣለች። መጨረሻ ላይ የቅዱሳንን ስም ተራ በተራ ትጠራለች፤ እኛ ልጆቹ እንመልሳለን። «ጌታ ሆይ» ስትል «ማረን»። «ቅድስት ማርያም» ስትል «ለምኚልን»። አንድ ቀን እንቅልፍ እያዳፋኝ ለእመቤታችንም «ማሪን» አልኩ። አያቴ ጸሎቱን ቆም አደረገችው። መቁጠሪያውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ «የኔ ልጅ፣ ምሕረቱ የእሱ ነው፤ የእሷ ልመና ነው» አለችኝ። ከዚያ ካቆመችበት ቀጠለች።

ግራ የሚያጋባን ቃሉም ጭምር ይመስለኛል። አማርኛችን ለአምልኮውም ለአክብሮቱም «ስግደት» ይላል። ዘፍጥረት ላይ አብርሃም የሣራን መቃብር ቦታ ሲገዛ ለኬጢ ልጆች ሰገደ ተብሎ ተጽፏል። አብርሃም ሰው አመለከ የሚል ግን የለም። ለዚህ ነው የአምልኮ ስግደትና የአክብሮት ስግደት ተብሎ የሚለየው። ግሪኮቹ ለየብቻ ስም አላቸው፤ የእግዚአብሔሩ ላትሪያ፣ የቅዱሳኑ ዱሊያ። የእመቤታችን ክብር ከቅዱሳን ሁሉ ስለሚበልጥ ሃይፐርዱሊያ ይባላል። ከፍ ይበል እንጂ ወደ አምልኮ አይሻገርም። ሥዕሉም እንደዚያው ነው። በ787 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የተሰበሰበው ሁለተኛው የኒቅያ ጉባኤ ለሥዕል የሚሰጠው ክብር ወደ ባለ ሥዕሉ ያልፋል ብሏል። አያቴ ሥዕሏን ስትስም ወረቀት አልነበረም የምትስመው።

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ መሥዋዕቱ ነው። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ለማርያም ኅብስት እንደ መሥዋዕት የሚያቀርቡ ሴቶች ነበሩ። የቆጵሮሱ ጳጳስ ኤጲፋንዮስ አጥብቆ ተቃወማቸው። ማርያም ትከበር፣ የሚመለኩት ግን አብ፣ ወልድና መንፈስ ቅዱስ ናቸው አለ። ዛሬም በራሷ በዓል ቀን፣ ስሟ ደጋግሞ በሚጠራበት ቅዳሴ፣ መሥዋዕቱ የሚቀርበው ለእግዚአብሔር ነው።

በዓሉ ራሱ ይህንኑ ይናገራል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 (እ.ኤ.አ.) ያወጁት የእምነት ድንጋጌ፣ የምድር ሕይወቷን ስትፈጽም በነፍስና በሥጋ ወደ ሰማይ ክብር ተወሰደች ይላል። ተወሰደች ነው የሚለው። የወሰዳት እግዚአብሔር ነው።

አንድ ነገር ግን አልደብቅም። በተግባር የምንቀላቅል አለን። ሥዕሏ ፊት ሻማ አብርተን፣ ተንበርክከን፣ አልቅሰን፣ ቅዱስ ቁርባኑ፣ ጌታ ራሱ፣ ያለበትን ግን ዞር ብለን እንኳ ሳናይ እንወጣለን። እኔም አድርጌዋለሁ። አያቴ እንዲህ አልነበረችም። ጉልበቷ እያመማት እንኳ መጀመሪያ ቅዱስ ቁርባኑ ፊት ነበር የምትወድቀው፤ ወደ እመቤታችን የምትሄደው ከዚያ በኋላ፣ ነጠላዋን እያስተካከለች ነው።

ጓደኛዬ፣ ዛሬ ምሳ እኛ ቤት ነህ። ዶሮው ደርሷል። የማዕዱን ጸሎት አንተ ታደርሳለህ። ሥዕሏም እዚያው ግድግዳው ላይ ናት፤ ያልተመለሰልህ ካለ ጠይቀኝ፣ ዛሬ ቡናው አያቋርጠንም።

መልካም በዓል!