ሁለት ዙር ውሃ

ስለት አለብኝ። በአደባባይ እመሰክራለሁ ብዬ ነበር፤ ዓመታት አለፉ። እውነቱን ለመናገር፣ "ተአምር ተደረገልኝ" ብሎ መጻፍ ያሳፍረኝ ነበር።

ያሳደጉኝ አያቴ ናቸው፤ አባባ ነበር የምላቸው። የጅሩ ገበሬ ናቸው፣ እነዋሪ አካባቢ ካለች ትንሽ ከተማ ጥግ። የእኛ አገር መሬት መረሬ ነው። ክረምት ውሃ ከያዘ አይለቅም፣ ስንዴውን ያበሰብሰዋል። ስለዚህ በዘር ጊዜ ቤተሰቡ ሁሉ ጎንበስ ብሎ አፈሩን በእጁ እየዛቀ መደብና ቦይ ያወጣል። አባባ ሰማንያን ካለፉም በኋላ ከዚያ ሥራ ቀርተው አያውቁም።

ከእርሻው በፊት ክብር ዘበኛ ነበሩ። በ1945 ንጉሡ ደቡብ ኮሪያን እንዲያግዝ ከላኩት ጦር፣ ከሦስተኛው ቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘመቱ። ከ1953ቱ የታህሳስ ግርግር በኋላ ክብር ዘበኛ ሲበተን ወደ በሬዎቻቸው ተመለሱ። በደርግ ጊዜ ደግሞ መንግሥት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ተወዳጀ፤ እሳቸውም ሜዳሊያቸውን ጎታ ውስጥ፣ ከስንዴው ሥር ቀበሩት። እኛ ቤት ስለ ኮሪያ የሚወራው በሹክሹክታ ነበር።

በሹክሹክታ የሰማሁት ይህን ነው። ግንቦት ላይ ምሽግ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሞርታር ወረደባቸው። "በረዶ እሸት ላይ ሲወርድ አይተሻል? እንደዚያ ነው" ይሉኝ ነበር። ያኔ ተሳሉ፦ "ገብርኤል፣ በሰላም አገሬ መልሰኝና እስክሞት በየወሩ በ19 ውሃህን እቀዳለሁ።" ሐምሌ 19፣ የገብርኤልን ዕለት፣ ምሽግ ውስጥ ዋሉ። በማግስቱ ሐምሌ 20 ከጠዋቱ 4 ሰዓት የተኩስ አቁሙ ተፈረመ። ማታ በ4 ሰዓት መድፉ ሁሉ ዝም አለ። "ጆሮዬ የደነቆረ መስሎኝ ነበር" ይላሉ።

ቃላቸውን ጠበቁ። በየወሩ በ19 ዶሮ ሲጮህ ይነሳሉ፤ ከምንጩ እስከ ደጀ ሰላም ሁለት ዙር። መጀመሪያ በእንስራ፣ በኋላ በጀሪካን። ወንድ ልጅ እንስራ ተሸክሞ! አገሬው "ኮሪያ ሄዶ ሴት ሆኖ መጣ" እያለ ሲስቅባቸው ኖረ። በሰበካ ጉባኤም አገልግለዋል፣ የቤተክርስቲያኑን አጥርም አጥረዋል። ስለታቸው ግን ውሃው ነው።

በ2005 ሰኔ አጋማሽ ላይ አዲስ አበባ ሥራ ላይ እያለሁ ስልክ ተደወለልኝ። ስትሮክ። ቀኝ ጎናቸውን ያዛቸው፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኙና "ከዕድሜያቸው አንጻር ብዙ አትጠብቁ፣ ቤት ውሰዷቸው" ተባልን። ወሰድናቸው።

እኔ የጸሎት ሰው አልነበርኩም። ቤተክርስቲያን የምሄደው ለሠርግና ለቀብር ነው። አንድ ሌሊት እግራቸው ሥር ቁጭ ብዬ ምን ብዬ እንደምለምን ጠፋኝ። የ82 ዓመት ሰው ናቸው፣ "ይዳኑልኝ" ማለት ፈራሁ። "አንድ ቃል ብቻ ያናግሩኝ" አልኩ። "ከሰማሁ እመሰክራለሁ። የሐምሌውን ውሃም እኔ እቀዳልሃለሁ።"

ሐምሌ 19 ዶሮ ሲጮህ ወጣሁ። ዝናብ ነው። መረሬው አንዱን ጫማዬን ዋጠው። ሃያ ሊትር ቀላል እንዳይመስላችሁ! ሦስት ጊዜ ወደቅሁ። አንዱን ዙር እንደጨረስኩ ወገቤ ቅንጥስ አለ፤ በቃኝ ብዬ በባዶ እግሬ ቤት ገባሁ።

አባባ ነቅተዋል። ጭቃዬን ከታች እስከ ላይ አዩት። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ።

"ስንት ዙር?"

ከአምስት ሳምንት በኋላ የመጀመሪያ ቃላቸው ይህ ነበር። ጩኸቴን ሰምታ አክስቴ ከጓዳ ሮጣ መጣች። "አንድ" አልኳቸው እያለቀስኩ።

"የእሱስ?"

የማን እንደሆነ አልገባኝም፣ አልጠየቅኩምም። ጀሪካኑን አንስቼ ተመልሼ ወረድኩ።

ሲያገግሙ ነው ቀስ በቀስ፣ እየተኮላተፉ የነገሩኝ። ምሽጉ ውስጥ አንድ ልጅ አብሯቸው ነበር። ያን ሌሊት እሱም ገብርኤልን ሲጠራ፣ ሲሳል ሰምተውታል። አልተመለሰም። ኮሪያ ላይ ከወደቁት ከ120 በላይ ኢትዮጵያውያን አንዱ ነው። ሁለተኛው ዙር የእሱ ነበር፤ ከ50 ዓመት በላይ። "እኔን ሰምቶ እሱን ለምን እንደተወው አላውቅም" አሉኝ። "ውሃውን ግን እቀዳለታለሁ።"

አንዲት ነርስ ጓደኛዬ የስትሮክ ሕመምተኛ አንደበቱ በሳምንታት ውስጥ ሊመለስ እንደሚችል ነግራኛለች። አልተከራከርኳትም፣ አልዋሸችም። እኔ የለመንኩት አንድ ቃል ነበር፤ በዚያች ጠዋት ተሰጠኝ።

አባባ ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ያህል ኖሩ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ባለ ሁለት ሊትር ሃይላንድ ይዘው ምንጭ ይወርዱ ነበር። ሁለቴ። በ2010 የስንዴው አጨዳ ካለቀ በኋላ አረፉ።

እኔ የምደርሰው በዓመት ሁለቴ፣ ለታህሳስና ለሐምሌ ገብርኤል ነው። ባለፈው ሐምሌ ስሄድ ቧንቧ ደጀ ሰላሙ ድረስ ገብቷል። አንድ ቄስ "በቃ ልጄ፣ እዚሁ ቅጂ፣ ስለትሽ ይደርሳል" አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ጀሪካኔን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ። ጭቃው ያው ነው።