ስለ ታናሹ የተናገርኳት አንድ ዓረፍተ ነገር

ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው፣ አሁንም የመሳያ ማሽኑን ባስነሳሁ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ያንገበግበኛል።

ካናዳ፣ ኤድመንተን አካባቢ ባለ አንድ የጁኒየር የበረዶ ሆኪ ቡድን ዕቃ ክፍል ነው የምሠራው። ማሊያ አጥባለሁ፣ ስቲክ አዘጋጃለሁ፣ ዋናው ሥራዬ ግን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ ብረት መሳል ነው። ከ16 እስከ 20 ዓመት ያሉ ልጆች ናቸው፣ እኔ ደግሞ ልጆቹን ከመልካቸው ይልቅ በጫማቸው ብረት ነው የማውቃቸው፣ ማን በግራ እግሩ እንደሚደገፍ፣ ማን ሳያደርቅ ቦርሳ ውስጥ እንደሚወረውር፣ ማን ጨዋታ ሲያስፈራው «እስቲ አንዴ ድገምልኝ» ብሎ እንደሚመጣ።

የዚያን ዓመት የተጫዋች መምረጫ ሙከራ ላይ ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፣ የእናት ልጆች። ታላቁ 19 ዓመቱ፣ ተከላካይ፣ ያለፈውን ዓመትም ከኛ ጋር የተጫወተ። ታናሹ 17፣ አጥቂ፣ ቀጭን፣ እጁ ላይ ፓኩ (በስቲክ የሚመታው ጠፍጣፋ ጎማ) ሲገባ ሰው ሁሉ ሥራውን አቁሞ የሚያየው ልጅ። የገበሬ ልጆች ናቸው፣ ከምሥራቅ በኩል የመጡ። በዚያ አቅጣጫ ቫይኪንግ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች፣ ስድስቱ የሳተር ወንድማማቾች የወጡባት፣ ስድስቱም በትልቁ የሆኪ ሊግ በኤንኤችኤል የተጫወቱ። እና እዚህ ክልላችን አልበርታ ውስጥ ስለ ወንድማማች ተጫዋች ወሬ ከተነሳ ሳተሮች ሳይጠሩ አይታለፍም፣ እንኳን አሰልጣኝ በረዶ የሚያስተካክለውም ሰውዬ ይጠራቸዋል።

የመጨረሻው ስም ዝርዝር ሊወጣ አንድ ቀን ሲቀረው፣ የሳልኳቸውን ሦስት ጥንድ ጫማዎች ይዤ በማናጀሩ ቢሮ ሳልፍ በሩ ክፍት ነው፣ እሱና አሰልጣኙ ይከራከራሉ። ጉዳዩ ታናሹን እናስፈርመው አናስፈርመው ነው። ማናጀሩ እንዲህ ይላል፣ «አንዱን ስቀንስ ሁለት ነው የማጣው። አንዱን ቤንች ላይ ሳስቀምጥ ሁለቱ ያኮርፉኛል። ሌላ ቡድን አንዱን ሲጠይቀኝ ሁለተኛው አብሬው ካልሄድኩ ይለኛል።» ከዛ የኤንኤችኤሉን ቡድን ካሮላይናን ምሳሌ አድርጎ አመጣ። በፈረንጆቹ 2012 ጆርዳን ስታልን ከፒትስበርግ ወስደው ከታላቅ ወንድሙ ከኤሪክ ጋር አገናኟቸው፣ ዝውውሩ የተሰማው ጆርዳን ባገባበት ዕለት ነው፣ አገር ሁሉ ደስ አለው፣ ኤሪክ በ2016 እስኪሸጥ ድረስ ግን አንድ ቀን እንኳን ፕሌይኦፍ፣ ማለትም የዋንጫው ጥሎ ማለፍ፣ አልገቡም። «ይኸው ወንድማማችነት!» አለ።

አሰልጣኙ ደግሞ የሴዲን መንትዮችን ጠራ። ቫንኩቨር በ1999 ድራፍት (ቡድኖች በተራ አዳዲስ ተጫዋቾች የሚመርጡበት) ዳንኤልን በሁለተኛ፣ ሄንሪክን በሦስተኛ ተራ እንደወሰደ፣ ያንን ለማድረግ ስንት ተራ እንደተለዋወጠ፣ ከዛ እስከ 2018 ድረስ አንዱ ሌላውን ሳያይ ፓክ እንደሚያቀብል፣ በ2010 ሄንሪክ በ2011 ዳንኤል የሊጉ ነጥብ አንደኛ እንደሆኑ። ማናጀሩ ወዲያው «ዋንጫስ?» አለ። እውነቱን ነው፣ የሊጉን ስታንሊ ዋንጫ አላነሱም፣ በ2011 ሰባተኛው ጨዋታ ላይ በቦስተን ተሸነፉ።

እኔ መግባት አልነበረብኝም። ግን ምን ልበላችሁ፣ ዋንጫስ ሲል አላስቻለኝም። «ኒደርማየርስ?» አልኩ በሩ ላይ ቆሜ። ስኮት ኒደርማየር በ2003 ከኒው ጀርሲ ጋር ሆኖ ዋንጫ ሲያነሳ የተሸነፈው ቡድን ውስጥ ታናሹ ሮብ ነበር። በ2005 ስኮት የቀድሞ ቡድኑን ትቶ ወንድሙ ወዳለበት አናሃይም ሄደ፣ በ2007 ሁለቱም አንድ ላይ አነሱት፣ ስኮት አምበል ስለነበረ ዋንጫውን ተቀብሎ ለሮብ ሰጠው። ይሄን ስል አሰልጣኙ ሳቀና «ግባ፣ ና ቁጭ በል» አለኝ። አልተቀመጥኩም፣ ጫማዎቹን እንደያዝኩ ገባሁ።

ከዛ ስለ ስታስትኒዎች ነገርኳቸው። የነሱ ታሪክ ለኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል፣ ምክንያቱም ከአገር መውጣት ያለበት ታሪክ ነው። ፒተርና አንቶን በ1980 ከቼኮስሎቫኪያ ለውድድር ኦስትሪያ ወጥተው ቀሩ፣ ኩቤክ ኖርዲክስ የሚባል ቡድን ገቡ። ታላቃቸው ማሪያን ሚስትና ልጆች ስለነበሩት አገር ቤት ቀረ፣ በዓመቱ ቤተሰቡን ይዞ ወጥቶ ደረሰባቸው፣ ሦስቱም አንድ ቡድን ውስጥ አንድ ላይን (አብረው የሚገቡ ሦስት አጥቂዎች) ላይ ተጫወቱ። ወንድሙን ትቶ የወጣ ሰው ይሄን ሲሰማ ሆዱ ውስጥ የሚሰማውን ነገር እነሱ አያውቁትም። እኔ አውቀዋለሁ። የኛንም ነገርኳቸው፣ በኛ አቆጣጠር በ1954 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን የአፍሪካ ዋንጫ ስናነሳ አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር፣ ወንድሙ ኢታሎም እዛው ቡድን ውስጥ። አባቴ ሁለቱንም ስም አንድ ላይ ነበር የሚጠራው፣ ሉቺያኖና ኢታሎ፣ ልክ እንደ አንድ ሰው ስም።

ይሄን ሁሉ ያናገረኝ ግን ሌላ ነገርም ነበር፣ አልደብቅም። ከዛ ሁለት ዓመት በፊት ታናሽ ወንድሜን ለማታው የበረዶ ሥራ እንዲቀጥሩልኝ ጠይቄ ነበር። እዚሁ ቢሮ፣ ይሄው ማናጀር፣ «ሁለት ወንድማማች አንድ ፈረቃ ላይ አላደርግም፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም ይቀራል» ብሎ መለሰኝ። ሦስት ዓመት አንድ ቀን ሳልቀር የሠራሁ ሰውዬ! ወንድሜ አሁን ሥጋ ፋብሪካ ቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሌሊት ነው የሚሠራው። ያን ቀን መልስ አልሰጠሁም፣ እሺ ብዬ ወጣሁ። ለሱ ያልተናገርኩትን ነው እንግዲህ ለነዚህ ልጆች የተናገርኩት።

እዚህ ጋ ነው ነገሩ። አሰልጣኙ በቅንነት ጠየቀኝ፣ «እሺ አንተ ጫማቸውን ታውቃለህ፣ ይሄ ልጅ ግን ማዕዘን ላይ ሲዞር ለምንድነው የሚወድቀው? ሦስቴ አየሁት።»

መልሱን አውቀዋለሁ። የሆኪ ጫማ ብረት እንደ ቢላ አይደለም፣ ከሥሩ መሐሉ ቦይ ነው፣ ግራና ቀኝ ሁለት ጠርዝ አለው። የማሽኑን መሳያ ድንጋይ በአልማዝ በምትቀርጽበት ልክ ነው ቦዩ የሚወጣው። ልኩ በኢንች ነው፣ ቁጥሩ ሲያንስ ቦዩ ይጠልቃል፣ ጠርዙ በረዶውን ይነክሳል። ቁጥሩ ሲተልቅ ቦዩ ጠለል ይላል፣ ይንሸራተታል፣ እግር አያደክምም፣ ግን የሚጫነው ክብደት ይፈልጋል። ታላቁ ከባድ ልጅ ነው፣ 5/8 ይሆነዋል። ታናሹ ከሱ ሃያ ኪሎ ያንሳል፣ እሱም 5/8 ነው የሚያስለው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጫማቸውን አንድ ላይ ያመጣሉ፣ «ሁለቱም አንድ ዓይነት» ይሉኛል። እና ልጁ ሲዞር ጠርዙ አይይዝለትም፣ ይሄው ነው፣ ሌላ ነገር የለውም።

«ታናሹ በወንድሙ ስል ነው የሚሄደው፣ የራሱ የለውም» አልኩ።

ልቀጥል ነበር። «ዛሬ ማታ ግማሽ ላድርግለትና ነገ ጠዋት እዩት» የምትለዋ ቀጣይዋ ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበረች። ማናጀሩ በእስክሪብቶው ጠረጴዛውን መታና «ይኸው! ጫማ የሚስለው ሰው እንኳን አይቶታል! የራሱ የለውም!» አለ። አሰልጣኙ ዝም አለ። ራሱን ነቀነቀ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደገባው ሰው። እኔ ስለ ብረት ነው የተናገርኩት፣ እነሱ ስለ ልጁ ነው የሰሙት። እዛው ላይ «የለም፣ አልጨረስኩም» ማለት ነበረብኝ። ስልኩ ጠራ፣ ማናጀሩ አነሳው፣ አሰልጣኙ ሰዓቱን አየ፣ እኔ ጫማዎቹን አቅፌ ወጣሁ። በኋላ እነግረዋለሁ፣ ለአሰልጣኙ ብቻውን እነግረዋለሁ እያልኩ። ማታ ፈለግኩት፣ ሄዷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ዝርዝሩ በር ላይ ተለጥፏል፣ የታላቁ ስም አለ፣ የታናሹ የለም።

ቀትር ላይ ታላቁ ብቻውን መጣ። የሁለቱንም ጫማ ይዟል፣ የራሱን በቀኝ የወንድሙን በግራ፣ ማሰሪያው ጣቶቹ ላይ ተጠምጥሟል። ረጅም ልጅ ስለሆነ በሩ ላይ ጎንበስ ይላል።

«አንተ ነህ የራሱ የለውም ያልከው?»

ማሽኑን አጠፋሁ። «አዎ፣ ብያለሁ። ግን ስለ ብረቱ ነው ያልኩት፣ ስለ ልኩ።» አስረዳሁት፣ ስለ ክብደቱ፣ ስለ ጠርዙ፣ ሳልጨርሰው ስለቀረው ነገር። ሳያቋርጠኝ ሰማኝ። እኔ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ያሰብኩት፣ ታናሹ ታላቁን ለመምሰል ብሎ ነው የሱን ልክ የሚጠይቀው ብዬ ነው። ልጅ አይደለም? ወንድም ጋሼ ያደረገውን ማድረግ ነው የሚፈልገው ብዬ።

«እሱ አይደለም የመረጠው» አለኝ። «እኔ ነኝ። አባታችን ጋራዥ ውስጥ አንድ አሮጌ ማሽን ነበረችን፣ ድንጋዩን ለኔ ብሎ ቀርጾት ነበር፣ ሌላ ድንጋይ አልነበረም። ከስምንት ዓመቱ ጀምሮ የሱን ጫማ የምስለው እኔ ነኝ። በዛ ነው የለመደው።» ከዛ የወንድሙን ጫማ ገልብጦ አየው፣ የአውራ ጣቱን ጥፍር በጠርዙ ላይ አደረገ፣ እኛ እንደምናደርገው፣ ስለቱ ትንሽ ፋቀው። «ዘጠኝ ዓመት ልኩ ባልሆነ ነገር ስለው ነበር ማለት ነው» አለ። ድምፁ ሲሰበር ሰማሁት። 19 ዓመቱ ነው፣ ልጅ ነው እኮ።

አይደለም አልኩት። የሳልክለት አንተ ባትሆን በረዶ ላይ ባልቆመም ነበር አልኩት። የሰማኝ አይመስለኝም።

ሁሉም ሲሄድ አሰልጣኙ ጋ ገባሁ፣ ያልጨረስኩትን ጨረስኩለት። ቆይቶ «ትናንት ብትለኝ ኖሮ» አለ። ዝርዝሩ ለሊጉ ተልኳል። ከማናጀሩ ጋር ደግሜ አልተናገርኩበትም፣ ብናገርም ለሱ ምክንያቱ ሌላ እንደነበረ አውቃለሁ፣ የኔ ቃል የመጣችለት ለመሸፈኛ ነው። ቢሆንም የኔ ቃል ናት። ወንድማማቾችን አብሮ ማስፈረም ጥሩ ነው አይደለም ብለው ሲከራከሩ አሁንም ይውላሉ፣ ስታልና ሴዲን እየጠሩ፣ እኔ ግን የማውቀው እነዚያ ሁለት ሰዎች ሁለቱን ልጆች ለየብቻ አንድ ቀን እንኳን እንዳላዩዋቸው ነው። ታናሹን ብቻውን፣ በራሱ ጫማ፣ በልኩ፣ አንድ ልምምድ። ሃያ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

የዛን ማታ ድንጋዩን እንደገና ቀረጽኩት፣ 1/2። የታናሹን ጫማ ያዢው ላይ አሰርኩ፣ አሮጌውን ቦይ እስኪያጠፋ ድረስ ስምንት ዘጠኝ ጊዜ አመላለስኩት፣ ፍንጣሪውን በእጅ ድንጋይ አነሳሁ፣ ሁለቱ ጠርዞች እኩል መሆናቸውን ሁለቴ አየሁ። ጠዋት ታላቁ መጥቶ ወሰደለት። ክፈል አላልኩትም።

ታናሹን በዚያው ወር ሦስት ሰዓት መንገድ ላይ ያለ ሌላ ቡድን አስፈረመው። ጥር ላይ እኛ ጋ መጡ። እንግዳ ቡድን ሲመጣ የሚሳል ነገር ካለው ወደኔ መላክ የተለመደ ነው፣ ሦስት ጥንድ ጫማ በሳጥን አመጡልኝ። አንደኛው ተረከዙ ላይ ነጭ ቴፕ ተለጥፎበታል፣ በእስክሪብቶ 1/2 ተብሎ የተጻፈበት። የማን እንደሆነ ቴፑን ሳላይ በፊት ብረቱ ነግሮኛል፣ አሁን ግራና ቀኙ እኩል ነው የሚበላው፣ ድሮ ውጪው ብቻ ነበር።

እየሳልኩት ታላቁ ለራሱ ጫማ ገባ። ቴፑን አየ። ሳጥኑ ላይ ሳስቀምጠው የራሱን ትቶ የወንድሙን ጥንድ አነሳ፣ ፎጣ ከመስቀያው ላይ ወስዶ ብረቱን አንድ በአንድ ጠረገ፣ ከዛ በኮሪደሩ ወደ እንግዶቹ መልበሻ ክፍል ይዞለት ሄደ።