ፍሬኑ ያዘ፣ መያዣው ለቀቀ

ሳይክሉ ወደ ወርክሾፓችን የመጣው በሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ነው። ባለቤቱ ከሽሮ ሜዳ ሸማ እየጫነ በስድስት ኪሎ በኩል ፒያሳ ላሉ ሱቆች የሚያደርስ ወጣት ነው። የኋላ ጎማው አይዞርም። የዲስክ ፍሬኑ ካሊፐር፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ክብ ብረት (ዲስኩን) ነክሶ የሚይዘው ክፍል፣ ከነመያዣው ተጠማዞ በጎማው ሽቦዎች መሃል ተሰንቅሯል። የተበጠሱ ሽቦዎችም አሉ። ልጁ ክርኑ ተልጧል፤ እግዚአብሔር ይመስገን ሌላ ጉዳት የለውም። ማለዳ ስለነበር ከኋላው መኪና አልነበረም።

"ፍሬን ስይዝ መጀመሪያ ጥሩ አድርጎ ያዘልኝ" አለን። "ከዚያ ጓ! አለ። ከዚያ በኋላ መሬት ላይ ነኝ።"

ይህችን ቃሉን ልብ ብዬ ሰማኋት። ፍሬኑ ይዟል። የለቀቀው ፍሬኑ የተደገፈበት ነገር ነው።

ልጁ ዲስክ ፍሬን መፈለጉ ትክክል ነበር። የድሮው ጎማው ቸርኬ፣ ጎማው የሚለብስበት ክቡ ክፍል፣ ኒኬል የተቀባ ብረት ነው። እንዲህ ያለ ቸርኬ ሲደርቅ ይይዛል፤ በሐምሌ ዝናብ ሲርስ ግን የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። ሠላሳ ኪሎ ሸማ ጭኖ ቁልቁለት ለሚወርድ ሰው ይህ ቀልድ አይደለም። ሰውየው፣ ሳይክሉና ጭነቱ አንድ ላይ 120 ኪሎ ቢሆኑ 100 ሜትር ከፍታ በወረዱ ቁጥር የሚለቀቀው ጉልበት ከሲሶ ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። አየሩና መንገዱ የሚወስዱት ድርሻ አለ፤ የቀረው ሁሉ ፍሬኑ ላይ ነው የሚያርፈው።

ስለዚህ ልጁ ዲስክ የሚታሰርበት ሞዞ (የጎማው መሃል) ያለው ያገለገለ ጎማ ገዛ። በካቦ የሚሠራ ካሊፐርም አገኘ። ፍሬሙ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ ለዲስክ የተሠራ አይደለም። ካሊፐሩ የሚታሰርበት ጆሮ የለውም። አንድ ሌላ ቤት ወሰደውና ከላሜራ ቆርጠው በየዱለት።

የእኛ በያጅ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ናቸው። ካሊፐሩን ከሽቦዎቹ አላቀው መያዣውን ወደ ብርሃን ይዘው አገላበጡት። ሥራ የሚማረው ልጃችን ከጎናቸው ቆሞ "ብየዳው ነው የከዳው" አለ። እኔም ከሩቅ ሳየው እንደዚያ ነበር የመሰለኝ።

"ና ጠጋ በል። የቱ ጋ ነው የተሰነጠቀው?" አሉት።

ልጁ ፈለገ፤ ስንጥቅ የለም። ብየዳው እንዳለ ነው፤ እንዲያውም የሚያምር ብየዳ ነው። የታጠፈው ከብየዳው ቀጥሎ ያለው ላሜራ ነው። ውፍረቱን ለካነው፣ 3 ሚሊ ሜትር። የተበየደበት ቱቦም፣ ከኮርቻው ወደ ኋላ ጎማ የሚወርደው ቀጭኑ ቱቦ፣ ወደ ውጭ ተስቦ ሞላላ ሆኗል። ያ ቤት ሥራውን አልናቀውም። ካሊፐሩ እንዳይወድቅ አድርጎ በሚገባ አስሮታል። ካሊፐሩ ሲሠራ ምን ያህል እንደሚገፋና ወዴት እንደሚገፋ ግን አልጠየቀም።

እስቲ እንጠይቅ። የ26 ጎማ ከመሃሉ እስከ አስፋልቱ 33 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 160 ሚሊ ሜትር በሆነ ዲስክ ላይ ካሊፐሩ ውስጥ ያለው ሸራ የሚነክሰው ከመሃሉ 7.3 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። አንዱን ለአንዱ ሲያካፍሉት አራት ተኩል ይመጣል። እንግዲህ ጎማው አስፋልቱን በ40 ኪሎ ኃይል ይዞ ሊቆም ሲል ካሊፐሩ በ180 ኪሎ ይጎተታል ማለት ነው። የድሮው ፍሬን የሚነክሰው ቸርኬውን ነው፤ ከመሃሉ 27 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚርቅ ለዚያው አያያዝ የሚጎተተው 50 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። እሱንም ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ቱቦዎች ይካፈሉታል። ዲስክ ግን በግራ በኩል ብቻ ነው ያለው። 180 ኪሎው በሙሉ አንድ ቀጭን ቱቦ ላይ፣ ያውም ከቱቦው መስመር ወጣ ብሎ ያርፋል። 3 ሚሊ ሜትር ላሜራ ይህን እንዴት ይችላል?

ይህን በጠመኔ ግድግዳው ላይ ጻፍኩት። ጋሼ ቁጥሩን አይተው ራሳቸውን ነቀነቁና "አሁን ደግሞ በእጃችን እንየው" አሉ። ፍሬሙን ሞርሳ ላይ አሰሩት። ጎማውን በሌላ ቀና ጎማ ቀይረን ዲስኩን አሰርንበት። ካሊፐሩን ሥራ ለሚማረው ልጃችን ሰጡትና ከቀጭኑ ቱቦ ጀርባ፣ ተበይዶ በነበረበት ቦታ፣ ዲስኩ ላይ ይዞ እንዲቆም አዘዙት። እኔ ጎማውን ወደፊት በሚሄድበት አቅጣጫ ቀስ አድርጌ አዞርኩ። ልጁ የፍሬኑን ክንድ ጫን ሲያደርገው እጁ ከነካሊፐሩ ወደ ላይ ተጎተተ።

"ወደ ላይ ነው የሚሄደው!" አለ ተገርሞ።

ከዚያ ቦታ ቀየርን። ካሊፐሩን በሁለቱ ቱቦዎች መሃል፣ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ከሚመጣው ወፍራም ቱቦ በላይ ያዘው። እንደገና አዞርኩ። አሁን እጁን ወደፊትና ወደ ታች፣ ወደ ፔዳሉ ገፋው። ቀጭኑ ቱቦ ላይ የተበየደ መያዣ ቱቦውን እየጎተተ ያጥፈዋል። በወፍራሙ ቱቦ ላይ የተቀመጠ ግን ቱቦውን በርዝመቱ ይጫነዋል። ብረት ደግሞ በርዝመቱ ሲጫኑት ብዙ ይችላል፤ በጎኑ ሲያጥፉት ግን ቶሎ ይሰለቻል። ይህን በመጽሐፍ ሥዕል ከማየት በገዛ እጅ መሞከሩ ይበልጣል። ልጁ ከዚያ በኋላ ማብራሪያ አላስፈለገውም።

የድሮ ሳይክሎችን የሚያውቅ ሰው ይህን ነገር ሌላ ቦታም አይቶታል። ፔዳሉ ወደ ኋላ ሲረገጥ በሚይዘው ሳይክል ላይ ከኋላ ሞዞው በግራ በኩል አንድ ጠፍጣፋ ብረት ወጥቶ የታችኛው ቱቦ ላይ ይታሰራል። አንዳንዱ ሰው ጌጥ እየመሰለው ይፈታዋል። ያ ብረት ግን የፍሬኑ መደገፊያ ነው። እሱ ከሌለ የሞዞው ውስጠኛ ክፍል አብሮ ይዞራል እንጂ ጎማውን አያቆምም።

ወደ ሥራው ልመለስ። ጋሼ የተጎዳውን የቱቦ ክፍል ቆርጠው አወጡ። በምትኩ ሌላ ቱቦ አስገቡ፤ መጋጠሚያው እንዲጠነክር ከውስጥ ቀጭን ቱቦ አድርገውበታል። ከዚያ መያዣው ላይ መጣን። ብዙ ሰው መጀመሪያ መያዣውን ይሠራና ካሊፐሩን እዚያ ላይ ለማስማማት ይታገላል። እኛ የተነሳነው ከጎማው ነው።

ጎማውን አክስሉ ፍሬሙ ላይ ባለው መቀመጫ ጉሮሮ ውስጥ እስከ መጨረሻው መግባቱን አረጋግጠን አጠበቅነው። እዚህ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር የተዘነፈ ጎማ በኋላ ሁሉን ነገር ያዛንፋል። በዲስኩ ግራና ቀኝ ቀጭን ካርቶን አስገብተን ካሊፐሩን አለበስነው። መሪው ላይ ያለውን የፍሬኑን የእጅ መጨበጫ ጨብጠን በላስቲክ አሰርነው። አሁን ካሊፐሩ ራሱ ዲስኩን ነክሶ መሆን ያለበት ቦታ ላይ ቆሟል። የቀረው ከእሱ እስከ ፍሬሙ ያለውን ክፍተት መሙላት ነው። መጀመሪያ በካርቶን ቆረጥን፣ አስተካከልን፣ እንደገና ቆረጥን። ካርቶኑ ሳይነካካ ሲቀመጥ ወደ ብረት ገለበጥነው፤ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ብረት በሴጌቶ ተቆርጦ በሞረድ ተስተካከለ።

ቀዳዳዎቹ ላይ ስንደርስ ልጃችን "ካሊፐሩን ቀጥታ እናስረው፣ ለምን አዳፕተር መሃል ይገባል?" ብሎ ጠየቀ። አዳፕተር ካሊፐሩን ከመያዣው ቀዳዳዎች ጋር የሚያገናኝ ቁራጭ ብረት ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። መያዣው የቤት ሥራ ቢሆንም ቀዳዳዎቹ የቤት ሥራ መሆን የለባቸውም። በመላው ዓለም የታወቀ ልክ አለ፦ በሁለቱ ቀዳዳዎች መሃል 51 ሚሊ ሜትር፣ ብሎኑ ባለ 6 ሚሊ ሜትር። በዚያ ልክ ከተበሳ ነገ ካሊፐሩ ቢበላሽ ባለቤቱ ከገበያ የሚያገኘውን ሌላ ካሊፐር ከነአዳፕተሩ ያስርበታል። በራሳችን ልክ ብንበሳው ግን ዕድሜ ልኩን ከእኛ ጋር ይታሰራል። ደንበኛን በዚህ መንገድ ማሰር እኔ አልወድም።

ከብየዳው በፊት ካሊፐሩን አወጣነው። ሙቀትና የብየዳ ፍንጣሪ ሸራውንም ካቦውንም ያበላሻል። በቦታው በዚያው ልክ የተበሳ ቁራጭ ብረት አሰርን። ቀለሙን እስከ ብረቱ ድረስ ፋቅን። የብየዳ ማሽኑን የመሬት ገመድ መቆንጠጫ እዚያው ብየዳው አጠገብ፣ ፍሬሙ ላይ አሰርነው። ይህን ብዙ ሰው ቸል ይለዋል። መቆንጠጫውን ጎማው ወይም አክስሉ ላይ የሚያደርግ ሰው ኤሌክትሪኩን በኩሽኔታው ውስጥ ያሳልፈዋል፤ የኩሽኔታው ኳሶችና መቀመጫቸው በብልጭታው ይበላሉ። ከሳምንት በኋላ ጎማው መንገጫገጭ ሲጀምር ምክንያቱን የሚያውቅ አይገኝም።

ጋሼ አራት ቦታ በነጥብ ያዝ አደረጉና ቆሙ። ጎማውን መልሰን አስገብተን ለካን፤ ልክ ነው። ጎማውን አወጣነው። ከዚያ አንድ ጣት የሚያህል ከዚህ፣ አንድ ጣት የሚያህል ከዚያ እያደረጉ፣ በመሃል እያቀዘቀዙ በየዱት። ብየዳ ሲቀዘቅዝ ይሰበሰባል፤ በአንድ ጎን ብቻ ከበየዱት አክስሉ የሚቀመጥበትን ጆሮ ይዞት ይሄዳል። በመጨረሻ በታችኛውና በላይኛው ቱቦ መሃል አንድ አጭር ደጋፊ ቱቦ ጨመሩ። ልጁ "ይህ ምን ያደርጋል?" ሲላቸው "የታችኛው ብቻውን እንዳይለፋ ነው" አሉት።

ሲቀዘቅዝ መያዣው ከአንድ ሚሊ ሜትር በታች ወደ ውስጥ ተስቦ አገኘነው። ጋሼ እየበየዱ እንኳን ይህን ያህል መሳቡ አይቀርም። በሸራውና በዲስኩ መሃል ያለው ክፍተት የወረቀት ያህል ስለሆነ ይህችም ታስቸግራለች። በቀጫጭን ራንዴላ ሞልተን አስተካከልነው። ዲስኩን የእጅ ቅባት እንዳይቀርበት በአልኮል ጠረግነው።

ወደ መንገድ ከመውጣቱ በፊት ሙከራው ነበር፤ ረጅም ሰዓት የፈጀብን እሱ ነው። መያዣው ቱቦው ላይ በሚገናኝበት ቦታ በስለት ቀጭን መስመር ጫርን። የመያዣው ጫፍ ከፍሬሙ ያለውን ርቀት ለክተን ጻፍን። ፍሬኑን በላስቲክ አስረን፣ ኋላው ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጭነን፣ ሁለት ሰው ሆነን ሳይክሉን ወደፊት ገፋነው። ጎማው ተቆልፎ ተንሸራተተ። ደጋግመን ገፋን። ወደ ኋላም ጎተትን። ከዚያ ለካን። መስመሩ አልተዘነፈም፣ ርቀቱም ያው ነው። ከዚያ በኋላ ነው እኔ ወጥቼ በባዶው፣ ቀጥሎ በጭነት ቀስ በቀስ እየያዝኩ የሞከርኩት። አዲስ ሸራ መጀመሪያ ላይ ስለማይነክስ ከመካከለኛ ፍጥነት ሃያ ጊዜ ያህል እየያዙ እየለቀቁ ማለማመድ ያስፈልገዋል።

ቀለሙን ነጭ አደረግነው። ፍሬሙ ጥቁር ስለሆነ ባለቤቱ ቅር አለው። ምክንያቱን ስነግረው ግን ተቀበለ፦ ነጭ ቀለም ላይ ብየዳው ጫፍ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ቢፈጠር በዝናብ ዝገቱ ወጥቶ ቡናማ መስመር ይሆናል፤ በዓይን ይታያል። ጥቁር ቀለም ይደብቀዋል። "ጠዋት ጠዋት ከመነሳትህ በፊት ጎንበስ ብለህ እያት" አልኩት። ክረምቱን ሙሉ ሠርቶበት መስከረም ላይ አመጣው። ነጩ እንደ ነጭ ነው፤ ሸራው አልቆ ቀየርንለት።

ወሬው ሲሰማ ሌላ አንድ ሰው መጣ። የእሱ ፍሬም አሉሚኒየም ነው፤ "ለእኔም እንደ እሱ አድርጉልኝ" አለ። ጋሼ አሉሚኒየም የመበየድ ችሎታው አላቸው፤ ግን እምቢ አሉ። በሳይክል ፍሬም ላይ በብዛት የሚሠራበት አሉሚኒየም ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በምድጃ ነው። በተበየደበት አካባቢ ግማሽ ያህል ጥንካሬውን ያጣል፤ መልሶ የሚያጠነክርበት ምድጃ ደግሞ እኛ የለንም። ያ የደከመው ቦታ ነው እንግዲህ 180 ኪሎውን የሚቀበለው። ሰውየው "እኔ ኃላፊነቱን እወስዳለሁ" አለ። ጋሼ "ኃላፊነቱን ትወስዳለህ፣ ቁልቁለቱን ግን ማን ይወስድልሃል?" አሉት።

የኋላ ቸርኬው ብረት ነበር። በአሉሚኒየም ቸርኬ ቀየርንለት፤ በእርጥብ ጊዜ በብዙ ይሻላል። ጥሩ የፍሬን ላስቲክና አዲስ ካቦም አደረግንለት። ሒሳቡ እሱ ካሰበው አነሰ።

ልጃችን አሁን ፍሬም ሲመጣ መጀመሪያ ኪሱ ውስጥ ያለችውን ማግኔት አውጥቶ ቱቦው ላይ ያስጠጋል። ካልያዘች "ይህን አንበይድም" ይላል፤ ለምን እንደሆነም ለባለቤቱ ቁጭ ብሎ ያስረዳዋል።