የ«ኖቶሪየስ» የበረንዳው ትዕይንት

ዛሬ የዳይሬክተር አልፍሬድ ሂችኮክን «ኖቶሪየስ» የተባለ ፊልም (1946) ደግሜ አየሁት። ተዋንያኑ ካሪ ግራንትና ኢንግሪድ በርግማን በረንዳው ላይ የሚሳሳሙበት ትዕይንት አሁንም ያስደንቀኛል።

ሆሊውድ ከ1934 ጀምሮ በጥብቅ ይተገብረው የነበረው ደንብ ከልክ ያለፈ መሳምን ይከለክል ነበር። ሂችኮክ ታዲያ መሳሙን በተነው። ትንሽ ይሳሳማሉ፣ ይላቀቃሉ፣ ለራት ስለሚሠራው ዶሮ ያወራሉ፣ እንደገና ይሳሳማሉ። እንደተቃቀፉ ከበረንዳው ወደ ስልኩ፣ ከስልኩ ወደ በሩ ሲሄዱ ካሜራው ከፊታቸው ሳይርቅ ይከተላቸዋል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ!

ኃይሉ ያለው ሾቱ (ካሜራው በአንድ ጊዜ የቀረጸው ምስል) ባለመቆረጡ ላይ ነው። እሱን ለብቻ፣ እሷን ለብቻ ቀርጾ ማገጣጠም ይቻላል፤ ያኔ ግን ፍቅሩን የሚሠራው ኤዲተሩ ነው። አንዱ ሲናገር የሌላው ዓይን የት እንዳረፈ አናይም። እዚህ ሁሉም ይታያል፦ እሱ ስልክ እያወራ እንኳ እሷ አትለቀውም። እሱ ደግሞ እንደሚወዳት በቃል አይነግራትም፤ እሷም ይህንኑ ታነሳበታለች። በሰውነታቸው ቅርበትና በንግግሩ መቆጠብ መካከል ያለው ክፍተት ነው ትዕይንቱን የሚያግለው።

የሚገርመው፣ ለተዋንያኑ እንደዚያ ተጣብቆ መራመድ እጅግ የማይመች ነበር። በስክሪኑ ላይ ግን ፈጽሞ አያስታውቅም።