«ዛሬ እንኳን አንድ ነገር አግኝልኝ»

ላብራቶሪ ውስጥ መሥራት ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆኖኛል። ሥራዬ ደም መቅዳት፣ ማሽን ውስጥ ማስገባት፣ ውጤት ማውጣት ነው። ስለ ሕመምተኛ ስሜት እንድጽፍ ማንም አይጠብቅብኝም። ይህን የምጽፈው አንዲት ሴት የነገረችኝ ቃል ከጆሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው። ፈቃዷን ጠይቄያለሁ፤ ማንነቷን ሊያሳውቁ የሚችሉ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

መጀመሪያ የመጣችው ድካም ብላ ነው። የታዘዘላት የተለመደው ነበር፤ ሲቢሲ (የደም ሴሎች ቆጠራ)፣ ስኳር፣ ታይሮይድ (የአንገት ዕጢ)፣ ኩላሊት፣ ጉበት። ሁሉም ኖርማል። ከሁለት ወር በኋላ በራስ ምታት መጣች። ያው ምርመራ፣ ሰገራ ተጨምሮበት። ኖርማል። በሦስተኛው ልቧ ድው ድው እያለ አስጨንቋት ነበር፤ ኢሲጂ (የልብ ምርመራ) ተነሥታ ደህና ነው ከተባለች በኋላ እንደገና ወደ እኔ ተላከች። አሁንም ኖርማል።

ያን ቀን ወረቀቱን ስሰጣት ፈገግ ብዬ «እግዚአብሔርን አመስግኚ፣ ምንም የለብሽም» አልኳት። ደግ ነገር የተናገርኩ መስሎኝ ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና «እሺ» ብላ ሄደች። ፊቷ ላይ ደስታ አልነበረም። አየሁት። አየሁትና የሚቀጥለውን ሰው ስም ጠራሁ።

አራተኛው ጊዜ ላይ ክንዷን አስሬ ደም ሥሯን ስዳብስ፣ ቀስ ብላ «ወንድሜ፣ እባክህ ዛሬ እንኳን አንድ ነገር አግኝልኝ» አለችኝ።

መርፌው እጄ ላይ እንዳለ ቆምኩ። ያ ወንበር ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ ምንም እንዳይገኝበት እየጸለየ ነው የሚቀመጠው። ይህች ሴት ግን በሽታ እንዲገኝባት እየለመነችኝ ነው። ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «ካልተገኘ አታስቢ ይሉኛል። ቤት ስገባ ደግሞ ያው ሌሊቱ አለ» አለችኝ።

«ሌሊቱ ምን ይሆናል?»

ከስምና ከዕድሜ ሌላ ነገር ስጠይቃት በአራት ጊዜ ውስጥ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር።

ሁሉንም ዘረገፈችው። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ባንና ትነቃለች፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም፣ ጣሪያ እያየች ታነጋለች። ጠዋት ጠዋት ይብስባታል፣ ወደ ማታ ትንሽ ቀለል ይላታል። ውስጧ ይከብዳታል። ሆዷን ባር ባር ይላታል። ትወደው የነበረው ሁሉ አስጠልቷታል። መሥሪያ ቤት አንዱን ገጽ ሦስት ጊዜ አንብባ ምንም አይገባትም፤ ሽንት ቤት ገብታ አልቅሳ፣ ፊቷን ታጥባ ትመለሳለች። እንዲህ ከሆነች ሰባት ወር አልፏታል።

«ይህን ለዶክተሩ ነግረሽዋል?»

«የት ጋ ነው የሚያምሽ አለኝ። ራሴን አልኩት።»

«የት ጋ» ተብሎ የተጠየቀ ሰው መልሱ አንድ የሰውነት ክፍል ነው፣ ሌላ ምን ሊል ይችላል? ራሴን አለች። ራስ ምታት ተብሎ ተጻፈ። ራስ ምታቱ የምርመራ ማዘዣ ሆነ፣ ማዘዣው እኔ ጋ መጣ፣ እኔ ኖርማል አልኩ፣ ኖርማሉ ተመልሶ ሐኪሙ ጋ ሄደ፣ እሱም ምንም የለብሽም አላት። ሁላችንም ሥራችንን ሠርተናል፤ የእሷ ሕመም ግን በመሃላችን ወድቆ ቀርቷል። አንድ ጊዜ ለሌላ ሐኪም «ማልቀስ ይመጣብኛል» ብላ ነበር። «ስትረስ ነው፣ ዕረፍት ውሰጂ» ተባለች። ዕረፍት ወሰደች። ቀኑን ሙሉ አልጋ ላይ ከሐሳቧ ጋር ብቻዋን ስትውል ጭራሽ ባሰባት።

ኖርማል የምንለው ነገር እንዴት እንደሚወጣ ልንገራችሁ፣ ይሄ የእኔ ሙያ ነው። ጤነኛ የሆኑ ብዙ ሰዎች ይለካሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ መካከለኛው 95 በመቶ ያረፈበት ክልል ኖርማል ይባላል። ስለዚህ ጤነኛ ከሆኑ 20 ሰዎች አንዱ ከክልሉ ውጭ ሊወጣ ይችላል፣ የታመመ ሰው ደግሞ ክልሉ ውስጥ ሊያርፍ ይችላል። የታይሮይድ ምርመራው ኖርማል ነው ማለት ታይሮይዷ በደንብ ይሠራል ማለት ነው። ከዚያ ያለፈ ነገር አይናገርም። ድባቴን (ዲፕሬሽንን) ለይቶ የሚያሳይ የደም ምርመራ እስካሁን የለም፣ ደሟን መቶ ጊዜ ባስገባው ማሽኑ አይነግረኝም። ድባቴ የሚታወቀው ሰውን ጠይቆ፣ መልሱን ቁጭ ብሎ በማዳመጥ ነው።

ይህን ስል ምርመራ አያስፈልግም ማለቴ አይደለም። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የደም ማነስ፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት ድካምና የመንፈስ መጫጫን ያመጣሉ፤ እነሱን ሳያጣሩ «የአእምሮ ነው» ማለት ራሱ ጥፋት ነው። የተገላቢጦሹንም አይቻለሁ። የአእምሮ ሕመም እንዳለበት ካርዱ ላይ የተጻፈ ሰው ሆዴን ሲል ማንም አያምነውም፣ ያው የተለመደው ነገር ነው ይባላል። የመጀመሪያው ምርመራ ልክ ነበር። እኔን የሚያንገበግበኝ አራተኛው ነው። ያንኑ ጥያቄ ጠይቀን ያንኑ መልስ ስናገኝ ከመካከላችን አንድ ሰው እንኳን ሌላ ነገር እንጠይቃት አላለም።

ደሟን ቀዳሁና ትንሽ ጠብቂኝ ብያት ሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ክፍል ወደምትሠራ አንዲት ሲስተር ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት «እዚያ ሂጂ ብለህ እንዳትልካት፣ በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አይታ ትመለሳለች። ራስህ ይዘሃት ና» አለችኝ። መጀመሪያ ግን ሐኪሙ መላክ ነበረበት። ገባሁ። ውጭ የተሰለፈው ሰው ብዛት ያስጨንቃል፣ እሱም ፊቱ ላይ ድካም ይታያል። «አንተ ላብራቶሪ ነህ፣ ውጤቱን ላክልኝ» አለኝ። ድምፄ እየተንቀጠቀጠ «ዶክተር፣ ሴትየዋ ለራስ ምታት አይደለም የመጣችው። ሰባት ወር ሙሉ ከሌሊቱ 9 ሰዓት በኋላ ተኝታ አታውቅም» አልኩት።

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። አስጠራትና በሩን ዘጋ። እሷ ስትወጣ መላኪያው እጇ ላይ ነበር። ከሰዓት በኋላ ኮሪደር ላይ ሲያገኘኝ «እኔ ነኝ እንዴ ሁልጊዜ ያየኋት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ሁለት ጊዜ» አልኩት። ምንም ሳይመልስልኝ ሄደ።

ሳይካትሪ ክፍሉ በር ላይ ስንደርስ ቆመች። ጽሑፉን አየችው። «አብጃለሁ ማለት ነው?» አለችኝ።

«አላበድሽም። የሚጠይቅሽ ሰው ጋ ነው የመጣነው።»

ሲስተሯ 9 ጥያቄ ጠየቀቻት። መጠይቁ ከ2001 ጀምሮ በብዙ አገር ይሠራበታል፣ ስለ ባለፉት 2 ሳምንታት ነው የሚጠይቀው፤ እንቅልፍ፣ ምግብ፣ ጉልበት፣ ትኩረት፣ ደስታ ማጣት፣ ራስን መውቀስ የመሳሰሉትን። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ይያዛል፣ ድምሩ ከ27 ነው። ጥቂት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። የእሷ 19 እንደነበር በኋላ ራሷ ነገረችኝ፤ ከባድ ወደሚባለው ሊገባ አንድ የቀረው ማለት ነው። ቁጥሩ ብቻውን በሽታ አይወስንም፣ ከዚያ በኋላ ሐኪም ቁጭ ብሎ አነጋግሯታል። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ነው። ብሞት ይሻለኛል የሚል ሐሳብ ይመጣብሽ ነበር ወይ? ይመጣባት ነበር። በሰባት ወር ውስጥ፣ በአራት ምርመራና በዚያ ሁሉ ወረቀት መሃል፣ ይህን የጠየቃት አንድም ሰው አልነበረም። ሲስተሯን ይህ ጥያቄ አያስፈራም ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። ብዙ ባለሙያ ብጠይቅ ሐሳቡን እጨምርባታለሁ ብሎ ይፈራል፣ ግን እንደዚያ አይደለም፣ ሰው ሲጠየቅ እንዲያውም ይቀለዋል አለችኝ።

መድኃኒትና የንግግር ሕክምና ጀመረች። መጀመሪያ አካባቢ ከማቅለሽለሽ በቀር የተለወጠ ነገር አልነበረም። ለውጡ እስኪታይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ሊፈጅ እንደሚችል አስቀድመው ስለነገሯት ነው ያላቋረጠችው።

እኔ ደግሞ «ምንም የለብህም» ማለት ትቻለሁ። «በዚህ ምርመራ የታየ ነገር የለም፤ ሕመሙ ካለ ተመልሰህ ለሐኪሙ ንገረው» ነው የምለው። እናንተም እንደዚህ እየተመላለሳችሁ ከሆነ እባካችሁ ከመግባታችሁ በፊት ወረቀት ላይ ጻፉት። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ እንቅልፋችሁ እንዴት እንደሆነ፣ ድሮ ትሠሩት የነበረ አሁን ያቃታችሁ ምን እንደሆነ። ሐኪም ፊት ሲቀመጡ ቃል ይጠፋል፣ ወረቀቱ ግን አይጠፋም። የሚያውቃችሁ ሰው አብሯችሁ ቢገባ ደግሞ እናንተ የምታሳንሱትን እሱ ይናገረዋል። አታስቡ ከተባላችሁ «እሺ፣ ካልተሻለኝ ቀጥሎ ምን እናደርጋለን?» ብላችሁ ጠይቁ። የሞት ሐሳብ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ያንኑ ቀን፣ በዚያው ቃል፣ ሳታለዝቡ ንገሩ።

ከሦስት ወር በኋላ አንድ ጠዋት መስኮቴን አንኳኳች። ማዘዣ አልያዘችም። ክንዷንም አልዘረጋችም።

«ትናንት እስከ 12 ሰዓት ተኛሁ» አለችኝ።

ከኋላዋ ሰው ተሰልፏል። ጓንቴን አውልቄ ወጣሁና እንድትደግምልኝ ጠየቅኳት።